ለኮሪያዊቷ ደራሲ ያስተረጎምኩባቸው ሦስት ቀናት

የመጀመሪያውን የአስተርጓሚነት ሥራዬን የሠራሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት የብርድ ወራት፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኩላሊት ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ከአገር ቤት ብዙ ሰው ተሰዶ ይመጣ ስለነበር፣ አስተርጓሚ ሆንኩ ስል የሚያውቁኝ ሁሉ የአማርኛ መሰላቸው። እኔ ግን የተቀጠርኩት ለኮሪያኛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሰሜን ኮሪያ፣ ወደ ፒዮንግያንግ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። መስኖ ምህንድስና ተምሬ ተመረቅሁ። ለንደን ስገባ ምህንድስናዬን የፈለገው አልነበረም። ቋንቋዬን ግን ኬንቲሽ ታውን ያለ አንድ የአስተርጓሚዎች ኤጀንሲ ፈለገው። አፕላይ አደረግሁ፣ ተፈተንኩ፣ ባጅ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ የደቡብ ኮሪያ ሽማግሌ ነበሩ። ስገባ አልጋ የሚገፋ ሠራተኛ መስያቸው ወደ መስኮቱ እንዳስጠጋቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። አስጠጋኋቸውና በኮሪያኛ "አስተርጓሚዎ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አነጋገርህ የሰሜን ነው። ማነው የላከህ?" አሉኝ።

"ሆስፒታሉ።"

ሐኪሟ እስክትመጣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው በጎሪጥ ሲያዩኝ ቆዩ። ስንጨርስ ግን "ለሚቀጥለውም ቀጠሮ እሱኑ ላኩልኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሆስፒታሎች፣ በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) የቤቶች ክፍልና በትምህርት ቤቶች ሠራሁ። የሥራ ዕቃዬ ወደ ላይ የሚገለጥ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት እርሳስ ብቻ ነበር። ሰው ሲናገር ቃል በቃል አልጽፍም፤ ስም፣ ቁጥርና ምልክት እጽፋለሁ። ቀስት "ስለዚህ" ነው፤ የተሰረዘ ክብ "የለም" ነው። ተናጋሪው ሲጨርስ ምልክቶቹን እያየሁ እናገራለሁ። እሱ "እኔ" ካለ እኔም "እኔ" እላለሁ።

አንድ ቀን የኤጀንሲው ሥራ መዳቢ ማርጋሬት ደወለችልኝ። "ተስፋዬ፣ ከሴኡል አንዲት ደራሲ ትመጣለች። ሦስት ቀን ነው። ኮንፈርም ታደርግልኛለህ?"

"እኔ የሆስፒታል ሰው ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍ ምን አውቄ?"

"ስለ ድሆች ነው የምትጽፈው አሉ። እነሱን ታውቃቸዋለህ" አለችኝ።

ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመውን ልብ ወለዳቸውን ገዝቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ደራሲዋ ወይዘሮ ቻ በልጅነታቸው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ያዳበሩት በማታ ትምህርት ቤት ነው፤ የመጀመሪያ ታሪኮቻቸውን የጻፉት በጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ልብ ወለዱ ሰፈራቸው ለአዲስ ሕንፃ ሲፈርስ ስለተባረሩ ሰዎች ነበር። በእሱ ሰበብ ታስረዋል።

የመጀመሪያውን ቀን የተገናኘነው ባረፉበት ሆቴል ነው። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ሰላምታዬን እንደሰሙ ቆም አሉ።

"ፒዮንግያንግ ነው የተማሩት?"

"አዎ፣ መምህር።" ኮሪያውያን ደራሲን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

"የታሰርኩት የሰሜን ደጋፊ ነሽ ተብዬ ነው" አሉና ሳቁ። "ይኸው በስተርጅና የሰሜን አንደበት ተቀጠረልኝ።" ያን ቀን ሁለት ጋዜጠኞች አነጋገሯቸው፤ በሰላም አለፈ።

በሁለተኛው ቀን ሆሎዌይ ባለ ቤተ መጻሕፍት ከአንባቢዎች ጋር ተገናኙ። አዳራሹ ሞልቷል። አንዲት ሴት ተነስታ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልብስ አጣቢ አሮጊት እውነተኛ ሰው መሆን አለመሆኗን ጠየቀች።

ወይዘሮ ቻ የውሃ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "እውነተኛ ናት" አሉ። "ጎረቤቴ ነበረች። ቤቱ ሲፈርስ አልወጣም ብላ ሞተች። ሕይወቷን እንዳለ ወስጄ ጻፍኩት። ልጇን አላስፈቀድኩም፤ ሐሳቡም አልመጣልኝም። ልጅቷ መጽሐፉን አንብባ ቤቴ መጣች። 'ቤታችንን እነሱ ወሰዱ፤ እናቴን ደግሞ እርስዎ ወሰዱ' አለችኝ። ሰርቄያታለሁ።"

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ግን አንዲት ትልቅ ሰው፣ የታሰሩ፣ በሰው አገር፣ በሕዝብ ፊት "ሌባ ነኝ" ሲሉ አፌ እምቢ አለኝ። "ገጸ ባሕሪዋ በአንዲት ጎረቤቴ ላይ የተመሠረተች ናት። ልጇ መጽሐፉን ስታነብ በጣም አዘነች። እኔም እስከ ዛሬ በሐዘን አስታውሳታለሁ" አልኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ።

ወይዘሮ ቻ ሕዝቡን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ምን ብዬ ነው የሚያጨበጭቡልኝ?"

መዋሸት እችል ነበር። በአዳራሹ ኮሪያኛ የሚያውቅ ያለ አይመስልም ነበር። "አለሳልሼዋለሁ፣ መምህር። እርስዎን ያዋረድኩ እንዳይመስል ብዬ ነው" አልኳቸው።

አልተቆጡም። "ለእኔ አዘኑልኝ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "ለልጅቷስ ማን ይዘንላት?"

ማይክራፎኑን ያዝኩ። "ይቅርታ፣ ስህተቱ የአስተርጓሚው ነው። መልሱን እንደገና እላለሁ" አልኩና ደብተሬን እያየሁ አንድ በአንድ ተናገርኩ። "ሰርቄያታለሁ" የሚለውንም አልዘለልኩም። በዚህኛው ማንም አላጨበጨበም። አዘጋጁ ጫማውን ያይ ነበር።

ጠያቂዋ አልተቀመጠችም። "ከዚያስ ምን አደረጉ?" አለች።

"ቤቷ ሄድኩ" አሉ ወይዘሮ ቻ። "መጽሐፉን ከገበያ አውጪ ብትለኝ ላወጣው ቆርጬ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። እኔ በመጨረሻው ምዕራፍ አሮጊቷን አስለቅሻት ነበር። 'እናቴ አላለቀሰችም' አለችኝ። በሁለተኛው ኅትመት ለቅሶው ወጣ። አሁን እናንተ የምታነቡት የልጅቷን እርማት ነው።"

ያን ዕለት ከሰዓት ማርጋሬት ጋ ሄጄ የሆነውን ነገርኳት። "የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፋይልህ ውስጥ ይገባል" አለች። "አዘጋጆቹ ቀድመው ደውለውልኝ፣ ነገ ሌላ ሰው እልካለሁ ብያቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን አንተኑ ነው የፈለገችው።"

በሦስተኛው ቀን ቶተንሃም ሄድን። ወይዘሮ ቻ ማየት የፈለጉት ካውንስሉ አፍርሶ ሊሠራው ያሰበውን የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። ዶሪን የተባሉ ጃማይካዊት እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀበሉን። ልጃቸውን በዚያ ቤት አሳድገው ከዚያው ቤት አውጥተው እንደቀበሩት፣ ከዚያ ማንም እንደማያወጣቸው ነገሩን። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።

ወይዘሮ ቻ እስክሪብቶ አወጡ። ግን አልጻፉም። "ይህን ልጽፈው ይፈቅዱልኛል?" ብለው አስጠየቁኝ።

ወይዘሮ ዶሪን እስክሪብቶውን አዩ። "ስለ ሕንፃው ጻፊ። ስለ ልጄ ግን አይሆንም" አሉ።

"አይሆንም" የሚለውንም ሳላለሳልስ አስተረጎምኩ። ወይዘሮ ቻ እስክሪብቶውን ከደኑና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያም ስለ ልጁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብለው አዳመጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ኤጀንሲው አዳዲስ አስተርጓሚዎችን ሲያሠለጥን አንዳንዴ ይጠራኛል፤ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው። ስትሳሳቱ እዚያው፣ ሰው ሳይበተን አርሙ። ከተበተነ በኋላ የሚጻፍ ይቅርታ ስህተቱን የሰሙት ሰዎች ጋ አይደርስም።