የካዛንቺሱ የሮቦት ዋንጫ

በሮቦት ውድድር ማን እንዳሸነፈን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የወዳጅነት ውድድር ነው ተብለን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። እኔና የክፍሌ ልጅ ሐና ይዘን የሄድነው ሮቦት ወለል ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትሎ ካርቶን ያደርሳል። ሦስት ወር ለፍተንበታል።

የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት ዘግይተው መጡ። አስተባባሪው ግን «ሲገቡ ሁሉም እየሠራ ይጠብቃቸው» ብሎ ሮቦቶቹን እንዳናጠፋ ከልክሎን ነበር። ከዚያ ደግሞ ንግግር አደረጉ፤ ረጅም ነው፣ «ሮቦቲክስ» የሚለውን ቃል አንዴም አስተካክለው አልጠሩትም። ሲጨርሱ የሁላችንም ባትሪ አልቋል። የእኛው ሁለት ስንዝር ያህል ሄዶ ቆመ፣ የሌሎቹ ጭራሽ አልተነሱም።

በሐፍረት አቀርቅረን ሳለ የሆቴሉ ክብ የወለል መጥረጊያ ማሽን በራሱ እየተንከባለለ ገባና በእንግዳው ጫማ ዙሪያ መጥረግ ጀመረ።

«ችግር ፈቺ ፈጠራ ማለት ይሄ ነው» አሉ እንግዳው። «የማን ቡድን ነው?»

ዳኞቹ ተያዩ። አስተባባሪው ስልኩን መነካካት ያዘ። የሚያርማቸው ሰው ጠፋ፤ በቃ፣ እኔም አልደፈርኩም።

በዚህ መሀል የሆቴሉ የጽዳት ሠራተኛ ማሽኗን ፍለጋ ገባች።

«ይሄን ሮቦት የምትመሪው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«አዎ ጌታዬ፣ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች።

ዋንጫውን ሰጧት፣ አዳራሹም አጨበጨበ። እሷ ማሽኑን በብብቷ፣ ዋንጫውን በእጇ ይዛ፣ «ይቅርታ፣ ሁለተኛ ፎቅ አልተጠረገም» ብላ ወጣች።