ከቸርኬው የተስፈነጠረው ቀለበት

አብዱልበሲጥ የባቲ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ወደ ቆላ ወርዶ ዱብቲ አጠገብ ባለ አንድ ትልቅ የእርሻ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ጎማ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራውን አልጠላውም፤ ያስመረረው ቁጥጥሩ ነበር። የደህንነት ጫማ ሳያደርግ ከታየ ይጮኹበታል። ጣቱን ብረት ከጫረው ክሊኒክ ይሰዱታል። “እንደ ጨቅላ ያዩኛል” እያለ ሲያማርር ከርሞ አንድ ቀን ጥሎላቸው ወጣ። አዋሽ ሄዶ ከጅቡቲ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራየና ሙሌ ከሚባል ጓደኛው ጋር የራሱን የጎሚስታ ሥራ ጀመረ።

ሙሌ ሳቂታ ሰው ነበር። የቸኮለ ሾፌር ሲቆጣ እንኳ አስቆ ይሸኘዋል። አዋሽ ላይ ደግሞ ያልቸኮለ ሾፌር የለም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ተሳቢ ያለው መኪና መጣ። አብዱልበሲጥ ከመኪናው ሥር ገብቶ ክሪኩን ያስተካክላል፤ ሙሌ መሬት ላይ የተጋደመውን ጎማ ጎንበስ ብሎ ይነፋል፤ ሾፌሩ “ኧረ ቶሎ በሉ!” ይላል። ድንገት እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። አብዱልበሲጥ ተንፏቆ ሲወጣ ሙሌ በጀርባው ወድቋል፤ ፊቱ በደም ተሸፍኗል። ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት ተስፈንጥሮ መትቶት አጥሩ ጋ ደርሷል።

“ያ አላህ! ሙሌ! ትሰማኛለህ?”

“እሰማሃለሁ፤ ግን አይታየኝም” አለ ሙሌ።

አዳማ ድረስ ወሰዱት። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ዓይኑ ግን ጠፋች።

ከዚያ ወዲያ አብዱልበሲጥ ዕረፍት አጣ። አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል፤ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። ሚስቱ ኸሊዳ ታክታለች።

“ቁጭ በል እንጂ ሰውዬ! አንተ ስትዞር እኔን ነው የሚያዞረኝ።”

“ቁጭ ስል ይብስብኛል” ይላታል።

በዚያ ሰሞን ከሰመራ የመጣ የቢሮ መኪና ጎማው ተበስቶ ደጁ ቆመ። ከውስጡ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ወረደች። ሥራዋ በየድርጅቱ ስንት ሰው እንደሚጎዳና እንደሚታመም ማጥናት ነው። ጥላው ሥር ቆማ በስልክ ታወራለች። “አዎ፣ በደረሰን ሪፖርት ትልልቆቹ ድርጅቶች ናቸው ክፉ ሆነው የሚታዩት። ከትንንሾቹ ግን አንድም አደጋ አልተነገረንም። እኔ ይሄን አላምንም!”

አብዱልበሲጥ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። “እህቴ፣ ደግ አደረግሽ አለማመንሽ።” የሙሌን ነገር ነገራት።

“ለማን አመለከታችሁ?” አለችው።

“ለማን እናመልክት? ለአላህ ነው እንጂ።”

“እንግዲያው ሌሎቹም ጋ ይውሰዱኝ” አለች።

እሱም ቁጭ ማለት አልቻለምና ይዟት ዞረ። አናጢው ሁለት ጣቶቹ የሉም። “ምንም አልሆንኩም፤ ሥራ ነው” አለ። በያጁ ዓይኑ ቀልቶ ያለቅሳል፤ “ማታ ማታ ድንች ቆርጬ ስለጥፍበት ይሻለኛል” አላት። የእህል ወፍጮ ቤቷ ሴት ከሳሏ የተነሳ ስሟን እንኳ ጨርሳ መናገር አቃታት። የጎረቤቱ ጎሚስታ ሙሐመድሰዒድ ግን ገና ከሩቅ ሲያያቸው ተቆጣ።

“አብዱ፣ መንግሥት ጠርተህ ልታዘጋን ነው? የልጆቼን እንጀራ ልትነጥቅ?”

“እሷ ልትዘጋ አልመጣችም።”

“ሁሉም ሲመጣ እንደዚያ ይላል!”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሐመድሰዒድ ሰላምታ ነሳው። መስጊድ ሲገናኙ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

ብዙ ሳይቆይ ስንቅነሽ ስለ ሥራ ላይ አደጋ ለሚደረግ ስብሰባ ሰመራ ጠራችው። አዳራሹ ይፋጃል፤ ማራገቢያው ሙቁን አየር ያመላልሳል። የዚያ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተወካይ ተነስቶ፣ “እኛ የተጎዳውን ሁሉ ስለምንናገር ጨካኝ ተባልን፤ ዝም ያለው ደህና ተባለ” አለ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ።

አብዱልበሲጥ ሳይፈቀድለት ብድግ አለ። “እውነቱን ነው! እኔ እዚያ ሠርቻለሁ። ጠልቻቸው ነው የወጣሁት። ግን እዚያ ጎማ የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ተከልሎ ነው፤ ቀለበቱ ቢስፈነጠር ብረቱ ይመልሰዋል። እኔ ጋ ፍርግርግ አልነበረም፤ የጓደኛዬ ፊት ነበር የመለሰው።”

ከዚያ ሰብሳቢው “ጥሩ አስተያየት ነው፤ ይጠናል” ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። አብዱልበሲጥ የምሳውን ሰዓት አልጠበቀም፤ ሎጊያ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ ወደ አዋሽ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረ።

በማግስቱ ያ ዓይኑ የሚያለቅሰው በያጅ ከወዳደቀ ብረት ፍርግርግ ሠራለት። ሥራው ቀዘቀዘ። ጎማውን አስገብቶ እስኪያወጣ ሾፌሮች አይታገሡም፤ “አንተ ጋ ይመሻል” እያሉ ወደ ሙሐመድሰዒድ ይሻገራሉ። ኸሊዳ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አፍርሰው አላለችውም።

ሙሌ ድኖ ሲመለስ ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። አንድ ሾፌር “እዚያው መሬት ላይ ንፉልኝ፣ ቸኩያለሁ” ሲል ሙሌ ያደረገውን ጥቁር መነጽር አውልቆ ፊቱን አሳየው። “እኔም ያን ቀን የቸኮለ ሰው አስተናግጄ ነው” አለው። ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ሙሐመድሰዒድ ይህን ከማዶ አይቷል። አንድ ጠዋት፣ ቀለበቱ የዛገ አንድ ትልቅ ጎማ እያንከባለለ አስፋልቱን ተሻገረ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ “አሰላሙ አለይኩም። ይሄ አላማረኝም፤ እናንተ ጋ ይነፋ” አለ።

“ወአለይኩም ሰላም። አስገባው” አለ አብዱልበሲጥ።

ሙሌ ጎማውን ከፍርግርጉ አስገብቶ የአየሩን ቱቦ ሰካና ራቅ ብሎ ቆመ። ሙሐመድሰዒድም አጠገቡ ቆመ። አብዱልበሲጥ ግን መቆም አልሆነለትም። ኮምፕረሰሩ መጮህ ሲጀምር ወጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ መራመድ ጀመረ፤ ሙሌ “አለቀ፣ ና!” ብሎ እስኪጣራ ድረስ አልተመለሰም።