ዓይኗን ለወፍ

ሰሞኑን ከቆቦ ወደ ሮቢት ስሄድ የባጃጁ ጎማ ተነፈሰና ዳር ወርጄ ጠበቅሁ። ማሽላው አሽቷል። መሀሉ ላይ፣ ከእንጨት በተሠራው ማማ፣ አንዲት ልጅ ቆማ ወፍ ታባርራለች፤ ሰዓቱ ደግሞ የትምህርት ነው። ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ዘይነባ የሰፈራችን ሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ አብረን ነው የተማርነው። ዘራቸው ቡዳ ነው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ስለሚባል አብሯቸው የሚበላም የሚጋባም አልነበረም። ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። ጎበዝ ነበረች ብዬ ላሳምር አልፈልግም፤ እንደማናችንም ነበረች። ትምህርት ቤት ግን ትወድ ነበር።

የእኛ ቤት ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወንጭፉ መዳፍ ይልጣል፤ በዚያ ላይ ከክፍል እቀራለሁ። የዚያን ዓመት አባቴ መላ መጣለት።

"ዓይኗ ሰው የሚጥል ከሆነ ለወፍ አያንስም። እሷ ትጠብቅ" አለ።

ሳቅን። መሬት የሌላት እናቷ ለአንድ ቁና ማሽላ ብላ እሺ አለች። ምሳዋን ማማው ሥር በቅል አስቀምጥላታለሁ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አንሰጣትም። ያ ዓይን ለማሽላው እንዴት እንደማያሰጋ የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን መምህራችን እናቷን ለምኖ ክፍል ይዟት መጣና ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ ጠየቀን። ዘይነባ ዞራ ያየችው እኔን ነው። ሌሎቹ ዓይኗን ፈርተው ዝም አሉ። እኔ የፈራሁት ማማውን ነበር፤ እሷ ከተማረች ተራው ወደ እኔ ይመለሳል። አቀረቀርኩ። በማግስቱ ማማው ላይ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ክፍል አልመጣችም። ሰፈሩም እነሱ ድሮም ትምህርት አይሆንላቸውም አለ።

አምና ዋጃ ገበያ ድስትና ምጣድ ዘርግታ አገኘኋት። ስለ ጤናዋ ስጠይቃት አልሐምዱሊላህ አለች። አጠገቧ ትንሽ የልጅ ልጇ ሸክላ በጨርቅ ትወለውላለች። ለምን ትምህርት ቤት እንዳላስገባቻት ጠየቅኳት።

"አስገብቻት ነበር እህቴ። አጠገቧ የሚቀመጥ አጣች" አለችኝ።

እኔ ተምሬ፣ መምህርት ሆኜ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰው ስለ ትጋቴ ሲያወራ እሰማለሁ። እኔ ክፍል ስቀመጥ ማማው ላይ ማን ቆማ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።