ከጓደኛዬ ፕሮግራም ጋር የገባችው ላይብረሪ

የጓደኛዬ ፕሮግራም ግምገማውን ያለፈ ዕለት ዊንጌት አካባቢ ያለው ቢሯችን ሰው ሁሉ ጠረጴዛዋን ከቦ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እኔም አልኳት፤ ከአንገት በላይ። ቀንቼ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

ሁለታችንም ከሥራ ሰዓት ውጭ በነፃ የምንሠራው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ማንም በነፃ ለሚጠቀምበት፣ ማንም ለሚያሻሽለው አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፓኬጅ እናዘጋጃለን፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ እንዲጫን አድርገን እናሰናዳለን። የእሷ ድርሻ የፎቶና የሰነድ ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ቀለም አለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ አለው፣ ለሰው ያሳዩታል። የእኔ ግን አንዲት ቀጭን የቼክሰም ላይብረሪ ናት፤ ለብቻዋ የማትከፈት፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ከውስጥ የሚጠቀሙባት። ፋይል ሲገለበጥ አንዲት ፊደል እንኳ ተበላሽታ እንደሆነ ቁጥር አስልታ ትናገራለች፤ ከዚያ በቀር ምኗም አይታይም።

የእኔን የላክሁት ቀድሜ ነው። ፓኬጅ ከመግባቱ በፊት የሚያዩት ገምጋሚዎች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስትሞከር ከኢንተርኔት ፋይል ታወርዳለች፣ አይፈቀድም ብለው መለሱልኝ። አስተካክዬ ላክሁ፤ ዝም አሉ። የእሷን ግን እየተሻሙ ያዩላት ነበር። በመጨረሻ የእኔም ገባች፤ ምክንያቱን ሲጽፉልኝ፣ ያ የቅጂ ፕሮግራም ያለ እሷ ስለማይሠራ ነው አሉኝ።

"አንቺ ባትኖሪ ፕሮግራሜ መች ይገባልኝ ነበር?" አለችኝ ጓደኛዬ። ከልቧ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ላይብረሪዬን ለራሷ ብሎ እንዲፈልጋት። አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላት እናቴ ግን የዕቃ ፎቶዎቿ እንዳይጠፉባት "ያንን የጓደኛሽን ጫኚልኝ" አለችኝ። ጫንኩላት። ከዚያ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስክሪኑን እያዞረች "ማሻአላህ፣ የልጄ ጓደኛ እኮ ናት የሠራችው" ትላለች። አንድ ቀን አላስቻለኝም። ጨርቅ ልትለካ ዞር ስትል ፕሮግራሙን እንዲያጠፋ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት።

አጠፋና ሌላ መስመር ጻፈ። ከፕሮግራሙ ጋር የገባችው ላይብረሪ ከእንግዲህ አታስፈልግም፣ ማስወገድ ይቻላል ይላል። ስሟ ተጽፏል፤ የእኔዋ ናት።

"ምን አለ?" አለች እናቴ ተመልሳ።

"አንዲት የማታስፈልግ ነገር አለች ይላል።"

"ታዲያ ቦታ ከምትይዝ አጥፊያታ።"

የእኔ ናት ማለት አቃተኝ። ብቻዋን እንድትቀር ማዘዝ እችል ነበር፤ ግን በዚያ ሱቅ ውስጥ ማን ይፈልጋታል? ላይብረሪዬን ሥራ ላስገኝላት ብዬ የጓደኛዬን ፕሮግራም በገዛ እጄ መልሼ ጫንኩት።