የጋሽ ሽበሺ ፋብሪካ

ናዝራዊት አንድ ቀን ውላ ለማደር ለከሰል መቶ ብር፣ ለልጇ ወተት ሰማንያ ብር፣ ቆልታ ለምትሸጠው ሰባት ኪሎ ኦቾሎኒ ደግሞ ከሺህ ብር በላይ ታወጣለች። ከሁሉ የሚወደድባት ግን የጋሽ ሽበሺ ምክር ነው።

ጋሽ ሽበሺ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ከበሯ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጫት የሚቅሙ ጎረቤቷ ናቸው። ምርቃናው ሲመጣ ፋብሪካ ይተክሉላታል። አስር ሰዓት ላይ ፋብሪካው ኦቾሎኒ ወደ ዱባይ ይልካል፤ ሲመሽ የት እንደተከሉት እሳቸውም አያስታውሱም።

አምና ግን አመነቻቸው።

«ኤጋ አንቺ ልጅ፣ በሁለት ዓመት ከአምስት ኪሎ ወደ ሰባት? ይሄም እድገት ተብሎ! ተይው፤ የመቁያ ማሽን የሚያመጣ ሸሪክ አሰንዳቦ ከተማ አግኝቻለሁ» አሏት።

ምድጃዋን አጥፍታ ወር ሙሉ ጠበቀች። ማሽኑ ሳይመጣ ደንበኞቿ ሌላ ሻጭ ለመዱ። ከሦስት ኪሎ እንደገና ጀምራ ሰባት የደረሰችው ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

«ማሽኑስ ጋሽ ሽበሺ?» ስትላቸው፣

«ንግድ እኮ ትዕግስት ይፈልጋል!» አሉ፣ የእሷኑ ኦቾሎኒ በነፃ እየቆረጠሙ።

ከዚያ ወዲህ ለትልቅ ወሬ ጆሮ የላትም። በሳምንት አንድ አዲስ ደንበኛ ካገኘች እድገት ነው ትላለች፤ ካጣች ደግሞ አቆላሏን ታስተካክላለች እንጂ ምድጃዋን አታጠፋም። ይህን ለምታነቡም አንድ ልመና አላት፦

«በደጄ ስታልፉ ሐሳብ አታምጡልኝ። አንድ ጥቅል ገዝታችሁ ቅመሱ፤ ጨው ከበዛበት በማግስቱ ተመልሳችሁ ንገሩኝ።»