የእናቴ አረቄና የባለቤቴ መኪና

ባለቤቴ እናቴ አረቄ እያወጣች እንዳሳደገችኝ ለሰው መናገር ያፍር ነበር። ሲጠይቁት "እህል ነጋዴ ናቸው" ይላል። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የአውቶ መካኒክ መምህር ነው። የምንኖረው ፔዳ አካባቢ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ደመወዝተኛ ነው። እናቴ ከወንዙ ባሻገር፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ናት። እኔም "እህል ነጋዴ" ሲል እየሰማሁ አምስት ዓመት ሙሉ ዝም አልሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። አሮጌዋ መኪናችን የወሩን ግማሽ ቆማ ትውላለች፤ የጎረቤት ዶሮ ከሥሯ ይተኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። "የወደፊት መኪና የሚሄደው በምንዘራው ነገር ነው" ይል ጀመር። አልኮል ማለቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አልኮል ጠርሙስ አይሞላም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ "እናትሽ ጠንከር ያለ ሊያወጡልን ይችሉ ይሆን?" አለኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ! "ማን፣ እህል ነጋዴዋ?" አልሁት። ጆሮው ቀላ።

እናቴ ግን ቂም አታውቅም። "ለልጄ ባል ያላወጣሁ ለማን ላወጣ ነው?" ብላ የዳጉሳ ድፍድፏን ጣለች። ወንዶቹ የሚጠጡት ዳግም አረቄ ሁለቴ የወጣ ነው፤ እሷ ለመኪናዋ ሦስቴ፣ አራቴ እሳት ላይ መለሰችው። ክብሪት ስትለኩስበት ሰማያዊ ሆኖ ነዶ እስኪያልቅ ድረስ አልተወችም። እሱ በበኩሉ አልኮሉ በዛ ብሎ እንዲገባ ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡራተር ቀዳዳ በቀጭን መሰርሰሪያ አሰፋው። የመጀመሪያ ቀን መኪናዋ አስነጠሰች እንጂ አልተነሳችም። ጠዋት ጠዋት ሲበርድ ትንሽ ቤንዚን ካልቀመሰች እንደማትነሳ ቆይቶ ገባው። ከዚያማ ሄደች! ሰፈሩ ሁሉ ሠርግ ቤት፣ ሠርግ ቤት ሸተተ። ጎረቤቶቻችን "ዛሬም ሞቅ ብሏታል?" እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቴ ጓዳ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የአወጣጧን ሙቀትና ሰዓት ደብተሩ ላይ ይጽፋል። "እማማ" ይላታል። እሰይ፣ አሁንስ ሀፍረቱ ለቀቀው አልሁ። ወሬው ደርሶት ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ መኪናዋን ሊያይ ነው ሲባል፣ በሰው ፊት "ያወጡት አማቴ ናቸው" ሲል እንድትሰማ እናቴን ትምህርት ቤቱ ግቢ ይዣት ሄድሁ። የክት ልብሷን ለብሳ አጠገቤ ቆመች።

መኪናዋ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሳ ተመለሰች። ተጨበጨበ። ሰብሳቢው "ነዳጁን ማን አዘጋጀው?" ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ወደ እኛ አየ፤ ዓይኑን ወደ ሰብሳቢው መለሰ።

"በቤተ ሙከራ ያዘጋጀነው ነው" አለ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሰብሳቢው ቀጠሉ። "ዳንግላ ደርሶ ለመመለስ ስንት እህል ይፈጃል?" ባለቤቴ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ሙቀቱንና ሰዓቱን ጽፏል፤ እህሉን ግን የምትሰፍረው እናቴ ስለሆነች አንድም ቀን አልጠየቃትም። ሲጨነቅ ስታየው አንጀቷ አልችል አለ።

"አንድ ጆንያ ሙሉ ዳጉሳ ነው ጌታዬ፤ ማገዶውን ሳልቆጥር" አለች።

"ጓድ ይበሉ እንጂ!" አለ ከኋላችን አንዱ።

"እሺ፣ ጓድ ጌታዬ። እኔ ቤት አምስት ነፍስ አለ፤ ያን ጆንያ ከወር በላይ እንበላዋለን። ዘንድሮ የወሎ ሰው ርቦት በካሚዮን ተጭኖ ሲያልፍ በዓይናችን እያየን ነው። ለልጄ ባል ብዬ አወጣሁ እንጂ፣ ለመኪና የሚቀለብ እህል ከየት ይመጣል?"

ሰብሳቢው ፋይላቸውን ዘጉ። ነገሩ እዚያው እንዳበቃ ባለቤቴም ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። በእናቴ ላይ ይጮህባታል ብዬ ፈራሁ።

"እኒህ ሴት ማናቸው?" አሉ ሰብሳቢው።

ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ ባለቤቴ ከመኪናዋ አጠገብ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። "አማቴ ናቸው" አለ። "ዓባይ ማዶ አረቄ ያወጣሉ። ነዳጁን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ቤተ ሙከራ ያልኩት ውሸቴን ነው።"

እናቴ "ሥራህን ገደልሁብህ፣ ልጄ" አለችው። እሱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

እሷ አይዞህ እያለች ታነሣዋለች፤ እኔ እንደ ግንድ ቆሜአለሁ። "ማናቸው?" ተብሎ ሲጠየቅ ትከሻዬ ከትከሻዋ ጋር ተነካክቶ ነበር። "እናቴ ናት" ለማለት አፌን ያልከፈትሁት እኔ ነበርሁ።