የሁለት ነጥብ አምስቱ ሰውዬ

ሽማግሌው ዛሬም መጡ። መነጽር ሻጯ ገና በሩ ላይ ስታያቸው ደሟ ፈላ። ኮታቸው በወጉ ተተኩሷል፤ ቁልፎቹ ግን አንዱ በቀይ፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ በሰማያዊ ክር የተተከሉ ናቸው። ከታች ያሉት ሁለቱ ጭራሽ የሉም።

«ያ የሞከርኩት ሁለት ነጥብ አምስት መነጽር ጉልበቱ አነሰኝ። ከፍ ያለውን ስጪኝ፤ ሁለት ነጥብ ሃያ አምስቱን።»

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ሁለት ነጥብ አምስት ማለት ሁለት ተኩል ነው። ሁለት ነጥብ ሃያ አምስት ደግሞ ሁለት ከሩብ። ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?»

«ግማሽ ነዋ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ሃያ አምስት ከአምስት ያንሳል ልትይኝ ነው?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሁለቱንም መነጽር ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችላቸው። እሳቸው እንደ ሌላው ሰው የሚነበብ ነገር አልጠየቁም። ከኮሌታቸው መርፌ ነቀሉ፣ ከኪሳቸው ክር አወጡ። በአንዱ መነጽር ሞከሩ፣ በሌላውም ሞከሩ። ክሩ ቀዳዳውን ይስታል።

«ወዲህ ይስጡኝ» ብላ ነጠቀቻቸውና በአንዴ አሾለከችው።

መርፌውን ከነክሩ ኮሌታቸው ላይ ሰኩ። መነጽሮቹን ዞረውም አላዩዋቸውም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ነገም የምትገቢው አንቺ ነሽ? አንድ ቁልፍ ይቀረኛል።»